ዘርዎን ያስገቡ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ግንቦት ወር ላይ፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሰሞን። ኢንተርኔት እንደ ልብ የሚገኝበት ዓመት ነበር። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ሱቄ ስለታሸገብኝ አይደለም። ሱቅ ይታሸጋል፣ ይከፈታል። ያልረሳሁት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። ያቺን ቃል የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ አልጻፍኩም ብዬም አላውቅም።

ደብረ ታቦር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የተበላሸ ስልክ ከመጣልኝም ፈትቼ አያለሁ። ጎረቤቶቼ «የሺ ኮምፒውተር» ይሉኛል።

ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ደመወዝ የሌለው። በኢንተርኔት የተዋወቅኳቸው፣ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች አንድ ሶፍትዌር ይሠራሉ። ክሪፕቶ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ በስልክ ላይ የሚይዝ ዋሌት ነው። ጌታ የለውም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። እኔ ኮድ ላይ ያን ያህል አይደለሁም። ቋንቋ ግን አለኝ። ስለዚህ አማርኛውን እኔ ልሥራው አልኩ።

«ምን ታገኚበታለሽ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ምንም አላገኝበትም። እኔ ራሴ ያ ገንዘብ ኖሮኝ አያውቅም። ግን በስንቱ ቋንቋ ተተርጉሞ የእኛ ብቻ ቀርቶ ሳየው እልህ ያዘኝ። እልህ ደግሞ የቤታችን በሽታ ነው።

ሥራው ወራት ፈጀብኝ። አንድ ሁለት ቃል የሆኑ አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ ግን ማለቂያ የላቸውም። ዋሌቱን «ቦርሳ» አልኩት። ይህን ከሰው የሰሙ አንዲት ሴትዮ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ዚፑ የማይበላሽ የቆዳ ቦርሳ እንዳሳያቸው ጠይቀውኛል። የለኝም ስላቸው ደብቄባቸው መስሏቸው ተቀይመው ሄዱ።

በጣም የወደድኩት ቃል ግን ሌላ ነበር። ዋሌቱን መጀመሪያ ስትከፍቱት ዐሥራ ሁለት ቃላት ይሰጣችኋል። እነሱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ትደብቃላችሁ። ስልካችሁ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ፣ ቃላቱን አዲስ ስልክ ላይ ስታስገቡ ገንዘባችሁ ተመልሶ ይመጣል። ለሌላ ሰው ካሳያችሁ ግን አለቀላችሁ፤ ጠርጎ ይወስደዋል። ከጠፉባችሁም «እባካችሁ» የምትሉት ባንክ የለም። ፈረንጆቹ ለእነዚህ ቃላት ያወጡላቸው ስም «ዘር» ነው። ገበሬ የሚዘራውን ዘር ማለታቸው ነው።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ለሌላው ተርጓሚ ግራ የሚያጋባ ስም ሊሆን ይችላል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ጋፋት አጠገብ ነው የሚያርሱት። በቤታችን የሚበላው ገብስና የሚዘራው ገብስ አንድ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የሚዘራው ለብቻው ትንሽ ጎታ አለው፤ አፉ በእበት ይመረጋል፤ እንግዳ ከማያየው ጥግ ይቀመጣል። ክፉ ዓመት መጥቶ እኛ ልጆቹ እየራበን እንኳ እናቴ ያቺን ጎታ አልከፈተችም። ጎረቤት ሊበደር ሲመጣ «ዘር ነው» ካለች ጠያቂው ራሱ አፍሮ ይመለሳል።

ስለዚህ ሳላመነታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

«ዘርዎን ያስገቡ። ዘርዎን ለማንም አይንገሩ። ዘርዎ ከጠፋ ማንም ሊመልስልዎ አይችልም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ኮራሁ። በሶፍትዌሩ ውስጥ የሠራተኞቹ ስም የሚዘረዘርበት ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ «አማርኛ፦ የሺ፣ ደብረ ታቦር» ብዬ ስሜን ከነከተማዬ አሰፈርኩ። ማንም አላስገደደኝም።

እናንተ ግን እስቲ እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተመልሳችሁ አንብቧቸው። ምናልባት ያኔ ለእኔ ያልታየኝ ለእናንተ ገና ድሮ ታይቷችኋል።

አዲሱ ዕትም የወጣው ረቡዕ ነው። አማርኛ የገባበት የመጀመሪያው ዕትም ነበር። የስልኩ ቋንቋ አማርኛ የሆነ ሰው አፕዴት ሲያደርገው በራሱ ወደ አማርኛ ይዞራል። ከተዘመነ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ መሆናችሁን ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ዐሥራ ሁለቱን ቃላት መልሶ ይጠይቃችኋል።

ሀያት የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ አለች። ዲዛይን አስተምሬያት፣ አሁን ባሕር ዳር ተከራይታ እየኖረች ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ሥራ ትሠራለች። የሚከፍሏት በዚሁ ዋሌት ነው። ስልኳ ላይ የጫንኩላትም እኔ ነኝ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ እንደ እኅት ሆነናል፤ «ቲቸር» ማለቱን ብቻ አልተወችም።

ሐሙስ ዕለት እናትና አባቷን ጠይቃ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር እየተመለሰች ነበር። ሚኒባሱ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ገበያው ቆሟል፣ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። እሷም ከመቀመጥ ብላ ስልኳን አውጥታ ዋሌቱን ከፈተችው።

ከጎኗ የተቀመጠ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ያይ ኖሯል። ጮክ ብሎ አነበበው። «ዘርዎን ያስገቡ ይላል!» አለ።

የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ያ ሰሞን ሰው መንገድ ላይ ዘሩን የሚጠየቅበት፣ በመልሱም የሚዳኝበት ሰሞን ነበር። ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ሁላችንም ነበርንበት።

«ማን ናት ይቺ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ። «ለማን ነው የምትመዘግበው?»

«እኔ አልመዘግብም፤ ስልኩ ነው የሚለው» አለች ሀያት። ይህ መልስ ነገሩን አባሰው። ሰውዬው ስልኳን ከእጇ ነጥቆ የቀረውንም አነበበ። «ዘርዎ ከጠፋ ማንም ሊመልስልዎ አይችልም» የሚለው ላይ ሲደርስ አንዲት አሮጊት «እግዚኦ!» ብለው አማተቡ። ሰውዬው በራሱ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ አነሳው፤ ስሜ ያለበትንም ገጽ ፈልጎ አነሳ። ከዚያ ስልኳን ጭኗ ላይ ጣለላት። «ትውረድልን» አሉ ተሳፋሪዎቹ። ረዳቱም ሻንጣዋን አውርዶ አቧራው ላይ አቆመላት። ሚኒባሱ ሄደ።

ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ስልኬ ዘርሽን አስገቢ ይለኛል። ለምንድን ነው እንዲህ የሚለኝ?»

«ኧረ ዘር ማለት እኮ…» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ያኔ ነው የታየኝ። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ፎቶው ከሐሙሲት ተነስቶ ደብረ ታቦር የገባው ሀያት ሌላ መኪና አግኝታ ባሕር ዳር ሳትደርስ ነው። ሰው ሁሉ ስልክ ለስልክ ተላላከው። «ዘር የሚመዘግብ አፕ» ተባለ። «የምትመዘግበው የእኛው የሺ ናት» ተባለ። ዓርብ ጠዋት ማመልከቻ ላስጽፍ ብሎ ወረቀቱን ሰጥቶኝ የነበረ ሰውዬ መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሄደ።

ሶፍትዌሩን ለሚሠሩት ሰዎች ወዲያው ጻፍኩላቸው። ሥራውን የሚያስተባብረው ሰው አውሮፓ ነው የሚኖረው፤ ደግ ሰው ነው። ቶሎ መለሰልኝ። ለእኔ ደኅንነት ሲባል አማርኛውን በሙሉ ከዕትሙ ሊያወጡት፣ ስሜንም ሊያጠፉት እንዳሰቡ ነገረኝ። ደግነቱ ገብቶኛል። ግን አናደደኝ። ስንት ወር የለፋሁበትን ቋንቋ፣ እንደ ቆሻሻ ጠርገው ሊያወጡት ነው? «ቃል ከተሳሳተ ቃሉ ይታረማል እንጂ ቋንቋው አይባረርም» ብዬ ጻፍኩለት። «ስሜም ባለበት ይቆያል። የምተካውን ቃል እስካገኝ ጊዜ ስጡኝ።» እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ ስደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማኅተም አርፎበታል። አንድ ቢሮ እንድቀርብም ተነገረኝ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል።

ኃላፊው በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለ ሰው ነው። ፎቶው የታተመበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እንድክድ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። «ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም።»

«ስንት ተከፈለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ የሰው ዘር ምን ያደርግልሻል?»

«የሰው ዘር አይደለም። የእህል ዘር ነው።»

«ስልክ ውስጥ እህል ይዘራል?» አለና ከጎኑ ወደተቀመጠችው ጸሐፊ ዞር አለ። ሳቀች። እኔም የማደርገውን አጥቼ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ቃላት ላስረዳ ሞከርኩ። ገንዘቡንም አልሸጥም አልገዛም፤ የምሠራው ትርጉም ነው አልኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ ወንጀለኛ የምመስል መሰለኝ። በመጨረሻ ምላሴ አላርፍ አለና «ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀማችሁ ነው» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል» አለ ቀስ ብሎ። «ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ዘርሽ ምንድን ነው?»

መልስ አጣሁ። የምናገረው ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ጠፋኝ። ዘር ትመዘግቢያለሽ ብሎ የከሰሰኝ ሰው ዘሬን እየጠየቀኝ እኮ ነው! እሱ ግን አልታወቀውም። ከሁሉ የቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው፤ ስንት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። ለተፈጸመው ጥፋት ተጠያቂ መሆኔን አምናለሁ ይላል፤ ከእንግዲህ በማናቸውም ሶፍትዌር ላይ «ዘር» የሚል ቃል ላልጽፍ፣ በስሜም ላልሠራ ቃል እገባለሁ ይላል። «ፈርሚ፤ ሱቅሽም ይከፈታል፤ ነገሩም ያበቃል» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር። ሱቋ እንጀራዬ ናት። ሌላ የለኝም። እስክርቢቶውን አንስቼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ቃሉን አርማለሁ» አልኩ። «ይሄን ግን አልፈርምም።»

«ለምን?»

«አጥፍቻለሁ ይላላ። እኔ ተሳሳትኩ እንጂ ክፉ ሥራ አልሠራሁም። ዘር የሚለውን ቃልም እኔ አላበላሸሁትም። ሳገኘው ንጹሕ ነበር።»

«እንግዲያው ዋስ ጥሪ» አለ ተቆጥቶ። «ዋስሽ መጥቶ ይፈርምልሽ። ካልሆነ ሱቁም እንደታሸገ ይቆያል፣ አንቺም ከዚህ አትሄጂም።»

አባቴ የዚያን ቀን ከተማ ነበሩ። የራሳቸው ዘር እያነሰባቸው ስለመጣ፣ ከጉና ተራራ ከወረደ ገበሬ ዘር ሊለውጡ ቅዳሜ ገበያ ወጥተዋል። ደወልኩላቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ዋስ እንደምፈልግ ብቻ ነገርኳቸው። «መጣሁ» አሉ።

ሲመጡ ያወቅሁት በመስኮቱ ነው። ጥበቃው በር ላይ አስቁሟቸዋል። ትከሻቸው ላይ ከረጢት አለ።

«አባ፣ ምንድን ነው የያዙት?» ይላል ጥበቃው።

«ዘር» ይላሉ አባቴ።

ጸሐፊዋ ቀና አለች። ኃላፊውም ጆሮውን ሰጠ። ጥበቃው «የምን ዘር?» አለ።

«የገብስ ነዋ! የምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ አባቴ።

ጥበቃው ከረጢቱን አስፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ገብስ ነው። አሳለፋቸው።

ኃላፊው አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ። ወንበር ሰጣቸው። ይህን አልክድበትም፤ አስተዳደጉ ደህና ነው። «አባቴ፣ ልጅዎ ምን እንደጻፈች ያውቃሉ?» አላቸው።

«አላውቅም። አንብብልኛ፣ የኔ ልጅ።»

ወረቀቱን አነሳ። አባቴ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ እንደሚነበብላቸው ሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተዘጋጁ።

«ዘርዎን ያስገቡ» ብሎ አነበበ።

«እንዴታ! ዝናም ሳይቀድመው ነዋ» አሉ አባቴ።

ኃላፊው አየት አደረጋቸውና ቀጠለ። «ዘርዎን ለማንም አይንገሩ።»

«ማን ይናገራል!»

«ዘርዎ ከጠፋ ማንም ሊመልስልዎ አይችልም።»

እዚህ ላይ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄስ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «በዚያ በክፉው ጊዜ ዘሩን የበላ ሰው አለ በአገራችን። ዛሬም የሰው መሬት ነው የሚያርስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደግ ጽፈሻል። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?»

ኃላፊው ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገ። «አባቴ፣ አሁን እኮ ዘር ማለት… ሰው ነው። ከየትኛው ወገን ነህ ማለት ነው።»

«መቼ ነው እንዲያ የሆነው?» አሉ አባቴ።

እየቀለዱ አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት። ሬዲዮ ይሰማሉ፤ የሆነውን ሁሉ ያውቃሉ፤ ያለቀሱበትም አለ። ግን ቃሉ ከእጃቸው መወሰዱን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከረጢቱን ፈቱና አንድ እፍኝ ዘግነው ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ካልፈረምኩት ወረቀት ላይ አኖሩት። «እኔ ዘንድ ዘር ይሄ ነው» አሉ።

ኃላፊው እንደ ምንም ብሎ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ልጅዎ ከእንግዲህ ዘር የሚል ቃል እንዳትጽፍ ዋስ ይሁኑ፣ እዚህች ጋ ጣትዎን ያኑሩ አላቸው።

«እሷ ፈርማለች?»

«አልፈርምም ብላለች።»

«እንግዲያ እኔስ እንዴት ብዬ አሻራዬን አኖራለሁ? ያልሰረቀችን ልጅ ሌባ ናት ልበል? ደግሞስ ዘር አትበሉ ካላችሁ፣ ሰኔ ሲገባ ምን ልዘራ ነው?»

ጸሐፊዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ኃላፊው ሳቁን ለመያዝ ሲታገል ክንዱ ወረቀቱን ነካውና ገብሱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። ከወንበሩ ወርዶ በርከክ አለና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ከጠረጴዛው ሥር የገባውን ሳይቀር በጣቱ አውጥቶ ለቀመ። ገበሬ ቤት ያላደገ ሰው እንዲያ አያደርግም። እፍኙን ለአባቴ መልሶ ሲያቀብል ዓይኑን ወደ እኔ አላነሳም።

«ሂጂ» አለኝ። «ቃሉን ግን አስተካክዪ።»

«አስተካክላለሁ። አልፈርምም።»

«አትፈርሚ» አለ።

ሱቄ ሰኞ ተከፈተች።

ስንወጣ አባቴ መንገድ ላይ ነገሩን ከሥሩ ጠየቁኝ። ስለ ስልኩና ስለ ዐሥራ ሁለቱ ቃላት ነገርኳቸው፤ ከቢሮው ሰዎች ሁሉ ቶሎ የገባቸው እሳቸው ናቸው። «ታዲያ የዘር እህል በይዋ» አሉ። «እህል ከጨመርሽበት በኋላ ያልገባው ሰው፣ እንዲገባው አይፈልግም ማለት ነው።»

እኔ ግን ልቤ አብጦ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አባቴ እንዲያ ካሸነፉልኝ በኋላ ቃሉን ምንም ሳልነካው እንዳለ ልተወው አስቤ ነበር። ቃል ገብቻለሁ፤ ግን እልህ ቃል አያስከብርም። የገባው ይግባው፣ ያልገባው ይማር አልኩ።

እሑድ ሀያት ከባሕር ዳር መጣች። ሱቁ መታሸጉን ሰምታ ነው። የቢሮውን ነገር ከጥበቃው ጀምሬ እስከ ገብሱ ለቀማ ድረስ እየሳቅሁ ተረክሁላት። ፈገግ አለች እንጂ አልሳቀችም።

«አባባ ልክ ናቸው» አለች። «አንቺም ልክ ነሽ፣ ቲቸር። እኔ ግን ሐሙሲት ላይ ወርጄ ሻንጣዬን ይዤ ስቆም፣ ልክ መሆናችሁ አልጠቀመኝም።»

ሳቄን ተውኩ።

«ዘርሽ ምንድን ነው ስባል የመጀመሪያዬ አይደለም» ብላ ቀጠለች። «መንገድ ላይ ይጠይቁኛል፤ ቤት ስከራይ ይጠይቁኛል። ለምጄዋለሁ። ከገዛ ስልኬ ውስጥ፣ ያውም አንቺ በጻፍሽው እጠየቃለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

አፈርኩ። ለዚያ ሰውዬ ያልተንበረከከ እልሄ ለእሷ በአንድ አፍታ ተንበረከከ። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ይቅር አለችኝ፤ «ግን አማርኛውን እንዳታስወጪው» አለች። «ስልኬን ወደ እንግሊዝኛ አልመልሰውም። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቋንቋ ስናገር ነው የምውለው፤ ቦርሳዬ እንኳ ያናግረኝ።»

የዚያኑ ዕለት አብረን ቁጭ ብለን አስተካከልነው። በሚቀጥለው ዕትም ላይ እንዲህ ብሎ ወጣ፦ «የዘር እህልዎን ያስገቡ። የዘር እህልዎን ለማንም አያሳዩ። የዘር እህልዎ ከጠፋ ማንም ሊመልስልዎ አይችልም።» ከሥሩም ዐሥራ ሁለቱን ቃላት ማለታችን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፍንበት። ስሜ እዚያው ገጽ ላይ አለ፤ ከተማዬም አለች። ከጎኔ «ሀያት» የሚል ተጨምሯል።

አስተባባሪው ሥራውን ሲያይ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። የሁሉም አገር ተርጓሚ አንድ ቃል በተጠቀመበት ቦታ አማርኛው ለምን ሁለት ቃል ሆነ?

«እናንተ ዘንድ አንዱ ይበቃ ይሆናል» ብዬ መለስኩለት። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠሁትም።

አንዳንዱ ተረበኛ ዛሬም በሱቄ በር ሲያልፍ «የሺ፣ ዘርሽን አስገቢ!» ይለኛል። በፊት በፊት እናደድ ነበር፤ አሁን ከውስጥ ሆኜ «አስገብቻለሁ፣ ያንተን ዝናም እንዳይመታው!» እላለሁ። ያን ጽሑፍ በመጻፌ አልጸጸትም። ሀያትን ከሚኒባሱ በማስወረዴ ግን ሁልጊዜ ያመኛል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ እኖራለሁ። ቃሉንም ለማንም አልለቅም። የእናቴ ጎታ ውስጥ የነበረ ቃል ነው፤ ቀምተውን ሲጫወቱበት ዝም ብዬ አላይም።

ያን ቀን ያጣሁትን መልስም አግኝቼዋለሁ። ፎርም ላይም ይሁን መንገድ ላይ፣ ዘርሽ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ካለ «ገብስ» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። ደጋግሞ ከጠየቀኝም ደግሜ «ገብስ» ነው የምለው። ይህን ለሀያት ስነግራት «ያስመታሻል» ብላ ገሥጻኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ቀን ግን አንድ መልእክት ላከችልኝ። ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው፦

«ዛሬ ሐሙሲት ላይ አንዱ ጠየቀኝ። ጓያ አልኩት። አልወረድኩም።»